ሃያ አራት ሜትር በወረቀት ላይ

ሐኪሙ የደወለው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኢንስፔክተሯ ገና ካፖርቷን አላወለቀችም።

«የሦስት ወር ሕፃን ናት» አለ። «ከንፈሯም ጥፍሯም ሰማያዊ ሆኖ ነው ያመጧት። ልቧ ደህና፣ ሳንባዋ ደህና። ደም ስንቀዳ ግን እንደ ቸኮሌት ቡናማ ሆኖ ወጣ። ይሄ መመረዝ ነው።»

«ማን መረዛት?»

«እሱንማ እናንተ ንገሩኝ እንጂ። እኔ የማውቀው ወተቷን የሚበጠብጡት በግቢያቸው የጉድጓድ ውሃ መሆኑን ነው። መድኃኒቱን ሰጥተናታል፤ መልኳ እየተመለሰ ነው። አንድ ሰዓት ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ግን የምደውልልዎት ለሌላ ጉዳይ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ በምርመራ ክፍል ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የሠራች ሴት ናት። የተሰበረ መስኮት፣ የተጭበረበረ ፊርማ፣ የተደበቀ ቢላዋ ከሆነ ዓይኗ አይስትም። ስለ ውሃ የምታውቀው ግን ሲጠማት መጠጣት ብቻ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ የምትታወቅበት አንድ ክፉ ልማድም አላት፤ ያልገባትን ነገር አትፈርምም። አለቆቿ በዚህ ልማዷ ስንት ጊዜ ፀጉራቸውን ነጭተዋል።

«ሳጅን፣ መኪናውን አስነሳ» አለች። «ዛሬ ትምህርት ቤት ልንገባ ነው።»

ቤቱ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። የከተማው የውሃ መስመር የሚያበቃው አንድ አጥር ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ወደዚያ ግቢ ለዓመታት ውሃ የሚገባው በጀሪካን ነበር። የቤቱ ባለቤት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ባላቸውን ከቀበሩ በኋላ በአንድ የስፌት መኪና ልጅ ያሳደጉ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴትዮ። ፖሊስ መሆኑን ሲያዩ የያዙትን ጨርቅ ከነመርፌው ጣሉት።

«የልጅ ልጄ...?»

«ደህና ናት እትዬ፤ ከንፈሯ ቀልቷል ብለውኛል» አለች ኢንስፔክተሯ ቶሎ ብላ።

ሴትዮዋ በረዥሙ ተነፈሱና ከአንገታቸው ባንጠለጠሉት የጨርቅ ሜትር ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ልጃቸው ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሰችውን ሕፃን ታቅፋ ሲነጋ ወደ ሐኪም ቤት ስትሮጥ፣ እሳቸው በር ላይ ቆመው ቀርተዋል።

ጉድጓዱ ጓሮ ነው። ከመሬት በላይ የሚታየው ጉልበት የማይደርስ የብረት ቱቦ፣ ቁልፍ የሌለው የቆርቆሮ ክዳንና የፓምፑ ገመድ ብቻ ነው።

«ጠላት አለብዎት እትዬ?»

«እኔ? እኔ ከማን ጋር እጣላለሁ?» አሉ። ጥቂት አሰቡና ወደ አጥሩ ቀና አሉ። «ከእሳቸው በቀር።»

እሳቸው ያሉት ጎረቤታቸውን ነው። ጡረታ የወጡ መሬት ለኪ ናቸው። ሰፈሩ «ማመልከቻ» ነው የሚላቸው፤ ስለ ውሻ ጩኸት፣ ስለ ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ስለ መንገድ መብራት ያልጻፉለት ቢሮ የለም። ሰፊዋ አራት ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ቧንቧ ሲቀዱ ኖሩ። ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ግን ሰውየው ቅር አላቸው።

«'የኔ ውሃ ምን ጎድሎት ነው?' ብለው ፊት ነሱኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለን። ባለፈው ሐሙስ በመስኮት ብቅ ብል እዚህ ጓሮ ውስጥ ናቸው። አጥር ዘለው! በእጃቸው ከረጢት ይዘው ነጭ ዱቄት ያፈሳሉ። ጮህኩ፣ ሸሹ።»

«ያኔ ለምን አላመለከቱም?»

«የሰባ ዓመት ሽማግሌ አጥር ዘለለብኝ ልበል? ማን ያምነኛል?»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ወጥ ቤት ገቡ። የሕፃኗ ጡጦ ታጥቦ ተደፍቷል። ምድጃው ላይ ውሃ የሚፈላበት ድስት አለ፤ ውስጡን እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ሸፍኖታል። ኢንስፔክተሯ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ቅርፍ አለ። ዱቄቱ ይህ ይሆን እንዴ ብላ ድስቱን አሸገችና የጉድጓዱንም ውሃ በንጹህ ጠርሙስ አስቀዳች።

«ውሃውማ ተመርምሯል!» አሉ ሰፊዋ። ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ ሁለት ወረቀት ተሰቅሏል። አንዱ የቆፋሪው ነው፦ ስድሳ ሜትር ጥልቀት፣ ሃያ አራት ሜትር ኬሲንግ የሚሉት የብረት ቱቦ፣ ዙሪያው በሲሚንቶ የተደፈነ። ሌላው የላቦራቶሪ ነው፦ ለመጠጥ ተስማሚ። «ልጄ እኮ ወልዳ ስትነሳ፣ ይሄ ወረቀት ሳይመጣ ሕፃን ይዤ አልገባም ብላ ነበር። ናሙናውን የወሰድኩት እኔው ነኝ፤ በእነዚህ እጆቼ!»

ሳጅኑ ማስታወሻው ላይ «ናሙናውን የወሰዱት የቤቱ ባለቤት» ብሎ ጻፈ።

ማመልከቻ በሩን የከፈቱት ሳይንኳኳ ነው።

«ስለ ቆሻሻ መኪናው ከሆነ፣ ደብዳቤዬን ካስገባሁ ሦስት ሳምንት አልፎታል» አሉ።

«ስለ እሱ አይደለም አባባ። ሐሙስ ዕለት ጎረቤትዎ ጓሮ ምን ያደርጉ ነበር?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «አልነበርኩም።»

በዚህ መሃል ሳጅኑ ከመሣሪያ ክፍሉ ግማሽ ከረጢት ነጭ ዱቄት ይዞ ብቅ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው አባባ?»

«ዱቄት ነው።»

«የምን ዱቄት?»

«ጠበቃዬ በሌለበት አልናገርም።»

«ጠበቃ አለዎት?»

«የለኝም» አሉ ማመልከቻ ቆጣ ብለው።

ኢንስፔክተሯ ሕፃኗ መታመሟን ስትነግራቸው ግን ቁጣው ከፊታቸው ላይ በነነ። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ያቺ ትንሽዬዋ? በአጥር በኩል የምታለቅሰዋ?» አሉና ዝም አሉ። ጣቢያ ሲወስዷቸውም፣ ሲጠየቁም ዝም። በሕይወታቸው ብዙ የተናገሩ ሰው ዝም ሲሉ ያስፈራል። ሳጅኑ «በቃ፣ ሰውየውን ይዘናል» አለ። ኢንስፔክተሯ ግን አልፈረመችም።

የሕፃኗን እናት ያገኘቻት ሐኪም ቤት፣ ከትንሿ አልጋ አጠገብ ነው። ሕፃኗ እጇን ከጨርቁ አውጥታ ተኝታለች፤ ጥፍሯ ሮዝ ሆኗል። እናትየው ግን ራሷን ልትበላ ደርሳለች።

«ሥራ ልጀምር ስለሆነ ከሦስት ሳምንት በፊት የዱቄት ወተት አስለመድኳት። ውሃውን ሃያ ደቂቃ ነው የማፈላው። ትላንት ደግሞ ሆዷን ሲነፋት ጊዜ አርባ ደቂቃ አፈላሁት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ ምን አጠፋሁ?»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አላውቅም እህቴ» አለቻት። «ግን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ እመለሳለሁ።»

የሚያውቀው ሰው የተገኘው በከተማው የውሃ ላቦራቶሪ፣ በረዥም ጠረጴዛ ጀርባ ነው። መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች፣ ስታወራ ጠርሙሶቿን የማትለቅ ባለሙያ ናት። በማግስቱ ከቀትር በፊት ውጤቱን ይዛ ተቀመጠች።

«ከረጢቱ ውስጥ ያለው ኖራ ነው። ለሜዳ መስመር ማስመሪያ የሚሆን ተራ ኖራ፤ ሰው አይገድልም። ድስቱ ላይ ያለው ደግሞ የድንጋይ ንጥረ ነገር ነው። ከድንጋይ መሃል የወጣ ውሃ ሲፈላ እንዲያ ይጋገራል።»

«ሕፃኗን ያመማትስ?»

«ናይትሬት ይባላል። ከሽንት ቤት፣ ከከብት ፍግ፣ ከማዳበሪያ ወደ መሬት እየሰረገ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከሃምሳ ማለፍ የለበትም፤ ይሄ መቶ ስልሳ ነው። ትልቅ ሰው ይችለዋል። ስድስት ወር ያልሞላት ሕፃን ግን ደሟ አየር መሸከም ያቅተዋል፤ ለዚህ ነው ከንፈሯ ሰማያዊ የሚሆነው።»

«ማፍላቱስ?»

ባለሙያዋ ራሷን ነቀነቀች። «ማፍላት ጀርም ይገድላል። ይሄን ግን ያባብሰዋል። በእንፋሎት የሚሄደው ውሃው ነው፤ ናይትሬቱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል።»

ኢንስፔክተሯ አርባ ደቂቃውን አስታወሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ታዲያ ሰው በምን ይወቀው? ውሃው እኮ ጥርት ያለ ነው።»

«በዓይን አይታይ፣ አይሸት፣ ጣዕም የለው። በምርመራ ብቻ ነው የሚታወቀው። ሰው ስለ ጉድጓዱ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ቆፋሪውን ይጠይቃል። እዚህ መጥቶ የሚጠይቅ ግን የለም፤ በሩ ክፍት ነው እኮ።»

«ስለዚህ ወንጀል የለም ማለት ነው?» አለ ሳጅኑ ሰዓቱን እያየ።

«እሱን አላልኩም።» ባለሙያዋ ከመስታወቱ የወጣውን የድሮ ወረቀት ከአዲሱ ጎን አደረገችው። «ይሄ የኛ ወረቀት ነው፤ ፊርማውም የኔ። የመረመርኩት ውሃ ግን የዚያ ጉድጓድ አይደለም። ያኔ ናይትሬት ሦስት፣ አሁን መቶ ስልሳ። ያኔ ክሎሪን ነበረው፣ አሁን የለውም። ያኔ ድስት የማያቆሽሽ ለስላሳ ውሃ፣ አሁን ድንጋይ። ለስላሳና ክሎሪን ያለው ውሃ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ከከተማው ቧንቧ። ናሙናውን ማን ነው የወሰደው?»

ሳጅኑ ማስታወሻውን ገለጠ። ሁለቱ ፖሊሶች ተያዩ።

ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አብረዋቸው እንዲኖሩ የጓጉ ሴት፣ ወረቀቱ ካልመጣ አልገባም ያለች ልጅ፣ ከአጥር ማዶ ደግሞ አራት ዓመት የተቀዳበት ቧንቧ። ነገሩ ሲገጣጠም ኢንስፔክተሯን ደስ አላላትም።

ማመልከቻን ለመልቀቅ ስትመጣ ኖራውን ፊታቸው አኖረችው።

«ይሄ ማንንም እንደማይጎዳ ነግረውኛል። ለምን አልነገሩኝም አባባ?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ድንበር እንዳያልፍ ስለካ የኖርኩ ሰውዬ፣ አጥር ዘልዬ ገባሁ ብዬ ላውራ?»

«ለምን ገቡ?»

«ልለካ ነዋ! ያ ቦታ ድሮ የከብት ማደለቢያ ነበር። የሠራተኞቹ ሽንት ቤት የት እንደነበር በድሮ ካርታዬ ላይ አለ፤ አፈር ሞልተውበት ነው የሄዱት። ጉድጓዱ ከእሱ ቢያንስ ሠላሳ ሜትር መራቅ ነበረበት። በኖራ አስምሬ ለካሁት። አሥራ አንድ ሜትር! ማመልከቻ ልጽፍ ነበር፣ እሳቸው ጮሁብኝ።»

«በበሩ ገብተው ቢነግሯቸውስ?»

«አኩርፌያቸዋለኋ» አሉ ማመልከቻ፣ እንደ ትልቅ ምክንያት። ቀጥሎ ግን ድምፃቸው ወረደ። «በበሩ መግባት ነበረብኝ።»

የላቦራቶሪዋ ባለሙያ አንድ አሮጌ ቆፋሪ ጠቁማ ነበር፤ አርባ ዓመት ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኖረው አሁን የቆፈሩትን የሚጠይቃቸው ሰው ያጡ ሽማግሌ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከሰፊዋ ጓሮ ተገኙ። ፓምፑ እንዲወጣ አደረጉና ከኪሳቸው በክር የታሰረ ማግኔት አወጡ።

«ቱቦው ብረት ነው አይደል? ብረት ካለ ይይዘዋል። ብረቱ ሲያልቅ ይለቃል።»

ክሩን እየለቀቁ፣ በየክንዱ ማግኔቱን ከቱቦው ጋር እያጣበቁ፣ እየቆጠሩ ወረዱ። ስድስት ሜትር ላይ ማግኔቱ የሚይዘው አጣ።

«እንደገና ይሞክሩ አባባ። ወረቀቱ ሃያ አራት ይላል» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ወረቀቱንማ እዚህ ውስጥ አልጨመሩትም» አሉ ሽማግሌው። እንደገና ለኩ። ስድስት። ከዚያ ትንሽ መስታወት አውጥተው የፀሐይዋን ብርሃን ወደ ጉድጓዱ መለሱት። «ነይ እይ ልጄ።»

ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ አየች። ብርሃኑ በዛገው ብረት ላይ ወረደ፤ ብረቱ አለቀና ባዶ አፈር ታየ። ከአፈሩ ጎን አንድ ቀጭን እርጥብ መስመር እያብረቀረቀ ወደ ታች ይንቆረቆራል።

«ይሄ ከላይ የሚገባ ነው። ቱቦውን ወደ ታች አላወረደውም፣ ዙሪያውንም በሲሚንቶ አልደፈነውም። ከሽንት ቤቱ የሰረገው ሁሉ አቋራጭ መንገድ ተቆፍሮለታል።» ሽማግሌው መስታወቱን በሸሚዛቸው ጠርገው ወደ ኪሳቸው መለሱ። ቀና ብለው አላዩም፤ የሙያቸው ሰው ስላሳፈራቸው ነው።

የሰፊዋን ጉድጓድ የቆፈረው ሰው «ጥልቁ» ይባላል፤ ደንበኛ ሲያገኝ «እኔ ከገባሁ ጥልቅ ነው» ማለት ስለሚወድ። መሣሪያውን ሲቀባ በግቢው አገኙት። ፊቱ የሚስቅ፣ እጁ የጠነከረ ሰው ነው።

«ቱቦው አጥሯል? ይሆናል፤ ሠራተኞቼን አባርራለሁ» አለ። «ግን ሥራ ተበላሸ ማለት ሰው መመረዝ ነው እንዴ? ውሃው ተመርምሮ ንጹህ ነው ተባለ። እኔ ከላቦራቶሪ በላይ ላውቅ ነው?»

«የተመረመረው የቧንቧ ውሃ ነው። ክሎሪን ነበረው።»

«ጉድጓድ ሲያልቅ በክሎሪን ይታጠባል፣ ደንቡ ነው። ጠይቂ።»

ኢንስፔክተሯ እዚያው ቆማ ላቦራቶሪ ደወለች። እውነቱን ነው። በክሎሪን ብቻ ልትይዘው አትችልም።

«ድንጋዩስ የት ሄደ? ያ ውሃ ለስላሳ ነበር።»

ጥልቁ ለአንድ አፍታ ብሩሹን አቆመ። «እሱን ናሙና የወሰዱትን ጠይቂያቸው። ሴትዮዋ ናቸው የወሰዱት፤ ፊርማቸው አለ። ማክሰኞ ነው፤ እኔ ማክሰኞ ሰባ ኪሎ ሜትር ርቄ ትምህርት ቤት ጉድጓድ እቆፍር ነበር። ርዕሰ መምህሩን ጠይቂ።»

ርዕሰ መምህሩ ተጠየቁ። ከጠዋት እስከ ምሽት አብሯቸው ነበር፤ ምሳም አብረው በልተዋል።

«በቃ፣ ሴትዮዋ ናቸው» አለ ሳጅኑ መኪና ውስጥ። እሱም ደስ አላለውም።

ሰፊዋ ከሐኪም ቤት ተመልሰው የሕፃኗን ልብስ ይተኩሱ ነበር። ነገ ትወጣለች ተብለዋል። ኢንስፔክተሯ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ስለዚያ ናሙና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በእጄ ነው የወሰድኩት ብለውኛል።»

«አዎ። በሁለት አውቶቡስ! ጠርሙሱ እንዳይወድቅብኝ ደረቴ ላይ አቅፌ።»

«ጠርሙሱን ከየት ሞሉት?»

ሰፊዋ ካውያውን አቆሙ። «እኔ? እኔ ምን አውቄ እሞላለሁ? የወሰድኩት አልኩሽ እንጂ የቀዳሁት መቼ አልኩ? የቀዳውማ ቆፋሪው ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አሽጎ፣ ፕላስተር ለጥፎ ሰጠኝ። 'ነገ እኔ ስለማልኖር እርስዎ ያድርሱልኝ' ብሎ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሳጅኑ ዞረች። ሳጅኑ በማስታወሻው ላይ አቀርቅሮ «ወሰዱ» የምትለዋን ቃል እንደ ሌባ ያያታል።

«ሳጅን፣ በአንዲት ቃል ሁለት ቀን ስንሮጥ ኖርን» አለች። ሳቅም ንዴትም ያዛት። ከሁለቱ በላይ ግን ጥፋተኛዋ ሴትዮዋ ባለመሆናቸው እፎይ አለች።

ቢሆንም ገና ነው። ቆፋሪው እሳቸው ናቸው ይላል፤ እሳቸው እሱ ነው ይላሉ። ምስክር ያስፈልጋል። ተነስታ ደጃፉ ላይ ቆመችና መንገዱን አየች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በዚህ ግቢ ቆሞ የቧንቧ ውሃ ከፈለገ፣ ወዴት ይሄዳል? መስመሩ የሚያበቃው አንድ በር ላይ ነው።

«ማመልከቻ ጋ!» ብላ ወደ ጎረቤት በር ሮጠች።

ማመልከቻ የቅሬታ ደብተራቸውን ለማሳየት ሁለት ጊዜ መለመን አላስፈለጋቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲያነብላቸው ሲጠብቁ የኖሩት ነው። ቀኑን ነገረቻቸው። ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ገለጡና ጮክ ብለው አነበቡ።

«'ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። የቁፋሮው መኪና በሬን ዘግቶ ቆሟል። ስወጣ ሾፌሩ፣ ማለትም ራሱ ቆፋሪው፣ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ውሃ ለመነኝ። ውሃ ልታወጣ መጥተህ ከእኔ ትለምናለህ? አልኩት። የጉድጓዱ ገና አልጠራም አለኝ። ሰጠሁት። በሬን ግን እስከ አሥር ሰዓት አልከፈተም። ማመልከቻ ይጻፍ።'» ቀና አሉ። «ስለ በሩ ጽፌያለሁ። መልስ አልመጣም።»

«አሁን መጣ አባባ» አለች ኢንስፔክተሯ።

አንድ ነገር ቀርቷታል፤ ሰውየው ውሃውን የቀየረው ምን አይቶ ነው? ለላቦራቶሪዋ ባለሙያ ደወለችና መዝገቡን በሰፊዋ ስም ሳይሆን በቆፋሪው ስልክ ቁጥር እንድትፈልግ ጠየቀቻት። ባለሙያዋ ስልኩን ሳትዘጋ ገጹን ስታገላብጥ ይሰማል።

«አለ» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ራሱ ይዞ መጥቷል። 'የሙከራ ጉድጓድ' ብሎ አስመዝግቦ። ናይትሬት መቶ አርባ። ሕፃን እንዳይጠጣው ብዬ በቃሌ ነግሬዋለሁ፤ ጉድጓዱን እዘጋዋለሁ አለኝ።»

ጥልቁ ደብተሩንና የመዝገቡን ቅጂ ሲያይ አልጮኸም፣ አልካደም። የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ሳቁ ከፊቱ ሲጠፋ ዕድሜው ታየ።

«ቱቦውን ሳወርድ ስድስት ሜትር ላይ መሣሪያዬ ተሰበረ» አለ። «ስጠግነው ቱቦውን ማውረድ አቃተኝ፤ ጉድጓዱ ጠቦ ነበር። ሌላ ቦታ እንደገና መጀመር ነበረብኝ። ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። ሴትዮዋ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው፤ ትልቅ ሰው ምንም አይሆንም አልኩ። ሕፃን ይመጣል ብለው አልነገሩኝም።»

«አልጠየቅካቸውም» አለች ኢንስፔክተሯ።

አንገቱን ደፋ።

«እንዲህ ያደረግከው እሳቸው ቤት ብቻ ነው?»

ሳጅኑ ሊናገር ሲል ኢንስፔክተሯ በእጇ ከለከለችው።

«ዘጠኝ ናቸው» አለ ጥልቁ። «ዘጠኝ ቤት ቱቦ አሳጥሬያለሁ። ወረቀት ስጪኝ፣ እጽፍልሻለሁ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።» አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ጻፈ። ካቴና የገባለት ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ የሄደችው ሐኪም ቤት ነው። የሕፃኗ እናት ልጇን ለብርድ ጠቅልላ ልትወጣ ስትል አገኘቻት።

«እመለሳለሁ ብዬሽ ነበር» አለቻት። «ያጠፋሽው ነገር የለም። ማፍላት ከብዙ ነገር ያድናል፤ ከዚህኛው ግን አያድንም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። ይሄን የሚነግርሽ ሰው አልነበረም። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ደበቀሽ።»

እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሕፃኗ ነቅታ በቁጣ አብራት ጮኸች፤ ሙሉ ሳንባዋን፣ ቀይ ሆና። ነርሷ ሳትቀር ሳቀች።

ቤት ሲደርሱ ማመልከቻ በሰፊዋ በር ላይ ቆመዋል። በበሩ። ከቧንቧቸው እስከ ሰፊዋ ወጥ ቤት የሚደርስ አዲስ የውሃ ጎማ ዘርግተዋል።

«አሮጌው ቆፋሪ ሌላ ቦታ እስኪቆፍር ድረስ ነው» አሉ ወደ ሰማይ እያዩ። «ከሽንት ቤቱ አርባ ሁለት ሜትር የሚርቅ ቦታ ለክቼላችኋለሁ። ሽቅብ በኩል።»

«አርባ ሁለት?» አሉ ሰፊዋ። «ሠላሳ ነው የሚበቃው ብለው አልነበር?»

«ለሕፃኗ አሥራ ሁለት ጨመርኩ።»

ሰፊዋ መቀስ እንደያዙ ትንሽ አዩዋቸውና «ይግቡ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያቆምዎታል» አሉ።

ዘጠኙን ቤት ለማዳረስ አራት ቀን ፈጀ። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ጠርሙሶቿን ይዛ አብራ ወጣች። አንዳንዱ አመሰገነ፣ አንዳንዱ «ፖሊስ ስለ ውሃዬ ምን አገባው?» አለ። በሰባተኛው ቤት አንድ ጎምለል ያለ ሰውዬ በሩ ላይ ተገተረ።

«የኔ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ጣፋጭ! ሁለት ዓመት ጠጥቼዋለሁ፣ ይኸው ምን ሆንኩ?»

ከጀርባው ሚስቱ ብቅ አለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ስምንት ወር ሳይሞላት አይቀርም። ባሏን በክርኗ ገፋ አድርጋ መጣች።

«እሱን ተዉት። ከየት እንደሚቀዳ ብቻ አሳዩኝ» አለች። «ሳይፈላ ነው ፈልቶ? ጠርሙሱን በምን ልጠብ?»

ባለሙያዋ አሳየቻት። ውጤቱ ዓርብ ደረሰ። ጀርም የለውም፤ ናይትሬቱ ግን ዘጠና። ባልየው በዚያው ቀን የመጠጥ ውሃ ከከተማው መስመር ማምጣት ጀመረ፤ ቅዳሜ ደግሞ ላቦራቶሪ ሄዶ ስለ ጉድጓድ አሠራር አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠይቅ ቆየ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠርሙስ እያስያዘ የሚያሰልፍ እሱ ነው።

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ፈርማ ዘጋች። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ የማታውቀው ቁጥር ደወለላት።

«እኔ ነኝ፣ ሰባተኛዋ ቤት» አለች ሴትዮዋ። ከጀርባዋ አዲስ የተወለደ ልጅ ለቅሶ ይሰማል። «ሴት ልጅ ወለድኩ። ደህና ነን፣ ቀይ ናት፣ ጮኸች ነው የምልሽ! አሁን ገላዋን ላጥባት ነው፤ ከከተማው ያመጣነው አልቋል። እናቴ በጉድጓዱ እጠቢያት ትላለች፣ አማቴ ዘራፍ እያለች ነው። ሁለቱ ከሚጣሉ አንቺን ልጠይቅ አልኩ።»

ኢንስፔክተሯ ለላቦራቶሪ ልትደውል ሌላኛውን ስልክ አነሳች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። ታውቀዋለች።

«ጀርም የለበትም፤ ናይትሬት ደግሞ በቆዳ አይገባም» አለች። «ማጠብ ይቻላል። ማጠጣት ነው የማይቻለው።»

«ሰማችሁ?» አለች ሴትዮዋ ወደ ቤት ውስጥ እየጮኸች። «ማጠብ እንጂ ማጠጣት አይቻልም ተብሏል!»

ውሃ ወደ ሳፋ ሲቀዳ ተሰማ።